«ሰኔ 12» ሳይሆን ሰኔ 5፦ ስለ ዲጂታል ቴሌቪዥን የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ይህ የግንቦት 2001 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2009) እትም የጥያቄና መልስ አምድ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ተሰጥቷል፤ በውስጡ ያሉት ዋጋዎች፣ ደንቦችና ቀኖች ሁሉ የዚያን ጊዜ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በሙሉ ኃይል የሚያሠራጩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዓርብ ጁን 12 ቀን 2009 አናሎግ የሚባለውን የድሮ ዓይነት ሥርጭታቸውን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ከእነዚህ ጣቢያዎች በአየር የሚመጣው ዲጂታሉ ብቻ ይሆናል። ከዋሽንግተን፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተጻፉት በልጆች ነው፤ የተጻፉት ግን ስለ ወላጆች ነው፤ ወላጆቹ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከዜናም ሆነ ከአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ የሚያገናኛቸውም ይኸው አሮጌ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሶቹን የምጽፈው ደብዳቤውን የላከው ሰው ራሱ ወላጆቹ ቤት ሄዶ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ ሊሠራባቸው እንዲችል አድርጌ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በአረጋውያን አፓርትመንት ብቻዋን ትኖራለች። ቴሌቪዥኗ አሮጌ ነው፤ አንቴናውም ሁለት ቀንድ ያለው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ «ሰኔ 12 ቴሌቪዥን ሁሉ ይጠፋል» ብለው ስለነገሯት ተጨንቃለች። እኔ የምኖረው ሌላ ስቴት ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ልግዛላት?

መልስ፦ እህታችን፣ በቅድሚያ ቀኑን እናስተካክል፤ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። ጁንን «ሰኔ» እያልን የመተርጎም ልማድ አለን። ጁን 12 ግን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 2001 ነው። ቀኑን በበዓላት ለሚቆጥሩ እናቶች ሰኔ 12 ማለት ሰኔ ሚካኤል ነው፤ እሱ ደግሞ በፈረንጆቹ ጁን 19 ይውላል። እናትዎ እስከ ሚካኤል ጊዜ አለኝ ብለው ከተቀመጡ ቴሌቪዥናቸው አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጠፋባቸዋል። «በአቦ ዕለት ነው» ብለው ይንገሯቸው፤ አይረሱትም።

ቀኑ እንደገና ይራዘማል ብለው የሚጠብቁም አሉ። ቀደም ሲል ተቆርጦ የነበረው ፌብሩዋሪ 17 ነበር፤ ኮንግረሱ ብዙ ቤቶች አለመዘጋጀታቸውን አይቶ የማራዘሚያ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ፌብሩዋሪ 11 ፈረሙበት። ከ600 በላይ የሚሆኑ ጣቢያዎች ግን በዚያው በፌብሩዋሪ 17 ወይም ከዚያ አስቀድመው አናሎጋቸውን ዘግተዋል። ሁለተኛ መራዘም ይኖራል ብሎ መጠበቅ ሰውን ከማዘናጋት በቀር ጥቅም የለውም።

አዲስ ቴሌቪዥን መግዛት አያስፈልግዎትም። የእናትዎ ቴሌቪዥን የሚፈልገው ኮንቨርተር የሚባለውን፣ መጠኑ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን በአንቴናውና በቴሌቪዥኑ መካከል ገብቶ በአየር የመጣውን ዲጂታል ሥርጭት ይቀበልና አሮጌው ቴሌቪዥን ወደሚያውቀው አናሎግ ይለውጥለታል። ዋጋው እንደየዓይነቱ ከ40 እስከ 80 ዶላር አካባቢ ነው፤ መንግሥት በሚሰጠው የ40 ዶላር ኩፖን ከገዙት ከኪስ የሚወጣው ትንሽ ነው። ከማርች 1 ቀን 2007 ወዲህ ወደ አሜሪካ የገቡ ወይም ከፋብሪካ የወጡ ቴሌቪዥኖች ዲጂታሉን በራሳቸው እንዲቀበሉ ሕጉ ያስገድዳል፤ ያ ዓይነት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሳጥን አያስፈልገውም፤ ቴሌቪዥኑ ጣቢያዎቹን እንደገና እንዲፈልግ ማዘዝ ብቻ ይበቃዋል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከአንቴናው የሚመጣው ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይነቀልና በሳጥኑ ላይ የአንቴና መግቢያ ተብሎ በተጻፈበት ላይ ይሰካል፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣው አጭር ገመድ ደግሞ ከሳጥኑ መውጫ ተነሥቶ የአንቴናው ገመድ በነበረበት ቦታ ይገባል። የቴሌቪዥኑ ጀርባ ክብ መሰኪያ ሳይኖረው ሁለት ብሎን ብቻ ካለው፣ ከሃርድዌር ሱቅ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ትንሽ ማገናኛ ያስፈልጋል። ሳጥኑ የራሱ ሶኬት ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ቻናል 3 ላይ ይደረግና፣ ሳጥኑ በ4 እንዲወጣ ከተደረገም 4 ላይ ይደረግና፣ ከዚያ ወዲያ ቻናል የሚለወጠው በሳጥኑ ሪሞት ብቻ ይሆናል። በመጨረሻም ሳጥኑ በአካባቢው ያሉትን ጣቢያዎች ራሱ ፈልጎ እንዲመዘግብ ከሪሞቱ ይታዘዛል፤ ይህ «ስካን» የሚባለው ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ይህን ሁሉ በስልክ አስረድቶ እናትን ማሠራት አይቻልም፤ ሞክሬው አይቻለሁ። እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ከእናትዎ ማኅበር ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንዱን ይለምኑላቸው። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ አንድ ወጣት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት አራት ቤት ሊጨርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። ሁለቱ ቀይ ኩፖኖች ባለፈው መስከረም በፖስታ መጡልኝ፤ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ ረሳኋቸው። አሁን ሱቅ ስወስዳቸው ጊዜያቸው አልፏል ተባልኩ። ከእኛ ጋር በቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ሌላ ቤተሰብም አለ፤ እነሱስ የራሳቸውን ማግኘት ይችላሉ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእርስዎ ዓይነት ብዙ ሰው አለ። ኩፖኑ ከተላከበት ቀን አንሥቶ 90 ቀን ብቻ ይሠራል፤ ቀኑም ካርዱ ላይ ታትሟል። ቀድሞ በነበረው ደንብ ጊዜው ያለፈበት ሰው ሌላ አያገኝም ነበር፤ የማራዘሚያው ሕግ ግን ይህን አሻሽሎ ጊዜው ያለፈባቸው ቤተሰቦች እንደገና እንዲያመለክቱ ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያመልክቱ። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ጁላይ 31 ቢሆንም፣ ያን ቀን ከጠበቁ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ባዶ ስክሪን ሲያዩ ይቆያሉ።

ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው በንግድ ሚኒስቴር ሥር ያለው ብሔራዊ የቴሌኮሙኒኬሽንና ኢንፎርሜሽን አስተዳደር ነው። ማመልከቻ መቀበል የጀመረው በጃንዋሪ 2008 ሲሆን፣ በዚህ ዓመት ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የተመደበለት ገንዘብ ጣሪያው ላይ ስለደረሰ አመልካቾች ወረፋ ይዘው ነበር። በኢኮኖሚ ማነቃቂያው ሕግ 650 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮለት ወረፋው በማርች ተቃልሏል። «ገንዘቡ አልቋል» ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ዘመድ ካለዎት ይህን ንገሩልኝ።

ቤዝመንት ውስጥ ስለሚኖረው ቤተሰብ፦ ኩፖኑ የሚሰጠው በሰው ቁጥር ሳይሆን በቤት ነው፤ ለአንድ ቤት ሁለት። ቤት ተብሎ የሚቆጠረው ደግሞ የራሱ የፖስታ አድራሻ ያለው ነው። ቤዝመንቱ የራሱ አድራሻ ካለው ሁለት ኩፖን ይደርሰዋል፤ ከእናንተ ጋር በአንድ አድራሻ ደብዳቤ የሚቀበሉ ከሆነ ግን ሁለቱን ኩፖን ተስማምታችሁ መካፈል ነው። በአንድ አድራሻ ሦስት አራት ሰው ተጋርቶ መኖር በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ አንዱ አስቀድሞ አመልክቶ ሌላው «ተከልክያለሁ» ብሎ ሲያዝን አይቻለሁ። ሁለት ኩፖን ለአንድ ሳጥን አይደመርም፤ አንድ ሳጥን አንድ ኩፖን ነው። ታክሱን ገዢው ይከፍላል። ኩፖኑን መሸጥም ሆነ በጥሬ ገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ አናንዴል በቤዝመንት ውስጥ እኖራለሁ። ኮንቨርተሩን በማርች ገጠምኩት። ቻናል 4 እና 5 ጥርት ብለው ይመጣሉ፤ 7 ግን አንዳንድ ጊዜ ምስሉ በአራት ማዕዘን እየተቆራረጠ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በአናሎጉ ጊዜ ነጠብጣብ ቢኖረውም አይ ነበር። ዕቃ ወደገዛሁበት ሱቅ ስሄድ ሻጩ «ዲጂታል አንቴና» ያስፈልግሃል ብሎ ጠፍጣፋ አንቴና በ70 ዶላር ሸጠልኝ። እሱም አልረዳኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ይህን ነው፤ ምክንያቱም በሚመጡት ሳምንታት ብዙ ቤት የሚቸገረው በሳጥኑ ሳይሆን በአንቴናው ነው። ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር 8 የዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና ጣቢያዎች ለሙከራ ከአገሩ ሁሉ ቀድመው አናሎጋቸውን ሲዘጉ፣ ለእርዳታ ከደወሉት መካከል ብዙዎቹ ሳጥኑን ገዝተው ገጥመው ሳለ አንድ የለመዱት ጣቢያ የጠፋባቸው ሰዎች ነበሩ።

አናሎግ ሥርጭት ሲዳከም ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፤ ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ጥላ ይሠራል፣ ሰው ግን ፊቱን ይለያል፣ ድምፁንም ይሰማል። ዲጂታሉ እንዲህ አይደለም። የሚደርሰው ኃይል በቂ ከሆነ ምስሉ የጣቢያው ማሠራጫ ማማ ሥር እንደተቀመጡ ያህል ይጠራል፤ ከሚያስፈልገው በጥቂቱ እንኳ ከጎደለ ይቆራረጣል፤ ትንሽ ቀንሶ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እርስዎ ለዓመታት በነጠብጣብ ያዩት ጣቢያ እዚህ ድንበር ላይ ያለ ነው። ቤዝመንት መሆኑም ይጨምርበታል፤ አፈሩና ኮንክሪቱ ያፍኑታል።

«ዲጂታል አንቴና» የሚባል የተለየ ነገር ግን የለም። አንቴና የሚለየው በሚቀበለው የሞገድ ክልል ነው። ከ2 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች በቪኤችኤፍ፣ ከ14 በላይ ያሉት በዩኤችኤፍ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱ ረጃጅም ቀንዶች ለመጀመሪያው፣ ክቧ ቀለበት ለሁለተኛው ናቸው። እዚህ ላይ የዋሽንግተን ነዋሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በስክሪኑ ላይ 7 እና 9 ተብለው የሚታዩት ጣቢያዎች ዲጂታላቸውን እስከ አሁን የሚያሠራጩት በዩኤችኤፍ፣ በ39 እና በ34 ነው፤ ቁጥሩን ሳጥኑ ነው እንደ ድሮው አድርጎ የሚያሳየው። ጁን 12 ላይ ግን ሁለቱም ዲጂታላቸውን ወደ ቀድሞው ቦታቸው፣ ወደ ቪኤችኤፍ 7 እና 9 ይመልሱታል። በባልቲሞርም 11 እና 13 እንዲሁ ያደርጋሉ። የሸጡልዎ ጠፍጣፋ አንቴና ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ዛሬ በደንብ የሚታይዎት ቻናል 9 ጁን 12 ማታ ይጠፋል። ደረሰኙ ካለዎት መልሰው ገንዘብዎን ይቀበሉና ሁለቱ ቀንድና ቀለበቷ ያሉበትን ርካሹን አንቴና ያውጡት።

ከዚያ ቦታውን ይፈልጉለት። የአብዛኞቹ ዋና ጣቢያዎች ማማዎች በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን፣ በቴንሊታውን አካባቢ ናቸው፤ ለአናንዴል በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይሆናሉ። በዚያ አቅጣጫ መስኮት ካለዎት አንቴናውን እዚያ ያስጠጉት፤ ከሌለ ረዘም ያለ ገመድ ገዝቶ ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮት ማውጣት ከማንኛውም ውድ አንቴና ይሻላል። ቀንዶቹን እስከ መጨረሻው መዘርጋት አያስፈልግም፤ ለ7 እና ለ9 የሚስማማው እያንዳንዳቸው ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሆነው በጎንና በጎን ጋደል ሲሉ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ቤት ይህንኑ ስሠራ ነበር። አንቴናው ቴሌቪዥኑ ላይ ከተዘረጋው ዳንቴል በላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ ቦታው የእሱ ነው፣ ማንም አላነሣውም። የሳጥኑን የሲግናል መለኪያ ከሪሞቱ ከፍቼ እሳቸው ስክሪኑን እያዩ ቁጥሩን እንዲጠሩልኝ፣ እኔ አንቴናውን ይዤ ክፍሉን እንድዞር ተስማማን። ዳንቴሉ ላይ 38 ነበር። ከማቀዝቀዣው ጎን ወደ 20 ወረደ። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከአበባ ማሰሮው አጠገብ ሳስቀምጠው «ሰባ አንድ! እንዳትነካው!» ብለው ጮኹ። ሦስት ሜትር ገመድ ብቻ ጨምረን እዚያው ተውነው። የእርስዎም ሳጥን እንዲህ ያለ መለኪያ ይኖረዋል፤ ብቻዎን ሳይሆን ከሁለተኛ ሰው ጋር ሆነው ይሥሩት፤ ደግሞም አንቴናውን ካስቀመጡ በኋላ ከአጠገቡ ራቅ ብለው ይዩት፤ የሰው አካልም ሲግናሉን ይለውጠዋልና።

በመጨረሻም ጁን 12 ማታ እንደገና ስካን ያድርጉ፤ በማግስቱም ይድገሙት። በማርች የመዘገበው ሳጥን 7ን እና 9ን የሚፈልገው እስከ ጁን 12 በነበሩበት በዩኤችኤፍ፣ በ39 እና በ34 ነው፤ አዲሱን ቦታ የሚያውቀው በስካን ብቻ ነው። ይህን ስላላወቁ ሳጥኑ ተበላሸ ብለው የሚጥሉ ሰዎች ይኖራሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ውስጥ ኬብል አለን። ኮንቨርተር ያስፈልገናል?

መልስ፦ ለሳሎኑ አያስፈልግም፤ ኬብልም ሆነ የሳተላይት ዲሽ ላይ የተያያዘ ቴሌቪዥን በዚህ ለውጥ አይነካም። ወጥ ቤት ወይም መኝታ ቤት ከኬብሉ ጋር ያልተገናኘ፣ በአንቴና ብቻ የሚሠራ አሮጌ ቴሌቪዥን ካለ ግን እሱ ያስፈልገዋል። ኬብሉንም «ለዲጂታሉ ስል» ብለው አዲስ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ነውና ሳጥኑን አስቀድመው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በራችንን አንኳኩቶ «ከመንግሥት ነው የተላክሁት፤ 120 ዶላር ከከፈላችሁ ሳጥኑን እገጥምላችኋለሁ፤ አለበለዚያ ትቀጣላችሁ» አለን። ባለቤቴ ልትከፍል ስትል አስቆምኳት። ለመሆኑ መንግሥት ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ለማን ጥቅም ነው?

መልስ፦ ደግ አደረጉ። ሳጥን ያልገጠመ ሰው የሚቀጣበት ሕግ የለም፤ የሚቀርበት ቴሌቪዥኑን ማየት ብቻ ነው። መንግሥት በር እያንኳኳ ሳጥን አይሸጥም። በፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በኩል የተዘጋጀው የቤት ለቤት እርዳታም ነፃ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ከዚያ አልመጣም ማለት ነው። ሰውየው ከተመለሰ ለፖሊስ ይንገሩ፤ ለጎረቤቶችዎም ያሳውቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሕንፃ መርጦ ከላይ እስከ ታች ያዳርሳል።

ለማን ጥቅም ለሚለው፦ የአየር ሞገድ እንደ መሬት የተወሰነ ሀብት ነው። ዲጂታል ሥርጭት ብዙ መረጃ በጠባብ ቦታ ስለሚያስገባ፣ ከ52 እስከ 69 ያሉት የቴሌቪዥን ቻናሎች የያዙት 108 ሜጋኸርትዝ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ከዚህ ውስጥ 24ቱ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች የሬዲዮ ግንኙነት ነው የሚሰጠው፤ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አደጋ ጊዜ እሳት አደጋዎቹና ፖሊሶቹ እርስ በርስ በሬዲዮ መነጋገር ተስኗቸው እንደነበር ያጣራው ኮሚሽንም ይህ እንዲፋጠን አሳስቦ ነበር። ከቀረው የሚበዛው ለገመድ አልባ ስልክና ኢንተርኔት በጨረታ ተሽጧል፤ ባለፈው ዓመት ማርች የተጠናቀቀው ጨረታ ብቻ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለድሃው ቤት 40 ዶላር መመለሱ ተገቢ ነው፤ በእኔ እምነት እንግሊዝኛ የማያነቡ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ በቋንቋቸው ለማስረዳት ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መመደብ ነበረበት።

ቀኑን የሚወስነው ሁልጊዜ የገንዘብ ጉዳይ አለመሆኑንም ለማሳየት ያህል፦ ሃዋይ ለውጡን ከሌላው ቀድማ ጃንዋሪ 15 ጨርሳለች፤ ምክንያቱ ደግሞ አሮጌዎቹ ማማዎች የቆሙበት የሃሌአካላ ተራራ ዘሯ እየጠፋ ያለች አንዲት የባሕር ወፍ የምትፈለፍልበት በመሆኑ፣ ማማዎቹን ማፍረስ የነበረባቸው ወፏ ለመራባት ከመመለሷ በፊት ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ የሠርጋችን ቪዲዮ፣ የልጆቼ ክርስትናና ከአገር ቤት የመጡ ድራማዎች ሁሉ በካሴት ናቸው። ቪዲዮ ማጫወቻችንም መሥራት ያቆማል?

መልስ፦ አያቆምም፤ ካሴቱም ሆነ ዲቪዲው ከአየር ምንም ስለማይቀበሉ እንደ ወትሮው ይሠራሉ። የሚለወጠው ከቴሌቪዥን መቅዳት ነው፤ የቪዲዮ ማጫወቻው የራሱ መቀበያ አናሎግ ስለሆነ ከሳጥኑ በሚመጣለት አንድ ቻናል ብቻ ይቀዳል፤ አንዱን እያዩ ሌላውን መቅዳት በአንድ ሳጥን አይቻልም። ሲገጥሙ ሰንሰለቱን ከአንቴናው ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ቪዲዮ ማጫወቻው፣ ከእሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ያድርጉት። የሠርጉን ካሴት ግን ከዚህ ለውጥ ጋር ሳያያዙ ወደ ዲቪዲ ያስገልብጡት፤ የካሴት ክር በዕድሜ ይበላሻልና።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዙልኝ። አሮጌውን ከሳጥኑ ጋር አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ብልክላት ይሠራላታል?

መልስ፦ እባክዎ አይላኩት፤ የጭነቱ ዋጋ ይቆጭዎታል። ሳጥኑ የተሠራው ለአሜሪካ ዲጂታል ሥርዓት ብቻ ሲሆን፣ ሳጥኑ የሚቀበለው ሥርጭት አገር ቤት የለም። ቴሌቪዥኑም ቢሆን አሜሪካ የምትጠቀመው አናሎግ ኤንቲኤስሲ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሚያሠራጭበት ደግሞ ፓል በመሆኑ ምስሉና ድምፁ አይገጣጠምለትም፤ ለ110 ቮልት የተሠራ ዕቃ 220 ላይ ቢሰካም ይቃጠላል። የኢትዮጵያ ተራም ሩቅ አይደለም፤ በ2006 በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት የአፍሪካና የአውሮፓ አገሮች የአናሎግ ሥርጭታቸው ከሌላ ሥርጭት ጣልቃ ገብነት የሚጠበቅበት ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ጁን 17 ቀን 2015 ተብሎ ተቀምጧል። እህትዎን መርዳት ከፈለጉ ለጭነቱ የሚያወጡትን ገንዘብ ይላኩላትና እዚያው ትግዛ። አሮጌውን ቴሌቪዥን ደግሞ መንገድ ዳር አይጣሉት፤ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ ስላለ ካውንቲው ወደሚቀበልበት ቦታ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ 81 ዓመቴ ነው። ልጄ ሳጥኑን ገጥሞልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሁለት ሪሞት ሆነብኝ። ቴሌቪዥኑ ከሰዓት በኋላ እያለ በራሱ ይጠፋል፤ ምስሉም ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ነው። ልጄን ደጋግሜ ማስቸገር አልፈለግሁም።

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ ሦስቱም ቀላል መልስ አላቸው፤ ልጅዎም ቢሆን በዚህ የሚቸገር አይመስለኝም።

ሳጥኑ ከነካኩት በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል ማንም ሪሞቱን ካልጫነ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። አልተበላሸም። የሳጥኑን ሪሞት ማብሪያ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ይመለሳል፤ ልጅዎ በሚቀጥለው ሲመጡም ከሳጥኑ ማስተካከያ ይህን ጊዜ ሊያራዝሙት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ። ጥቁሩ ጠርዝ የሚመጣው ዲጂታሉ ለሰፊ ስክሪን ስለሚዘጋጅ ነው፤ በሳጥኑ ሪሞት ላይ «ዙም» የሚል ቁልፍ ካለ አንድ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ምስሉ ይሞላል።

ስለ ሁለቱ ሪሞት፦ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ከማብሪያው በቀር ሌላውን ቁልፍ ሁሉ በፕላስተር ይሸፍኑት፤ የድምፁን በሳጥኑ ሪሞት መቆጣጠር ይቻላል። የሳጥኑን ሪሞት ማብሪያ ደግሞ ቀይ ቀለም ወይም ቀይ ፕላስተር ያድርጉበት። ሲከፍቱ ሁለቱን ያበራሉ፤ ሲያጠፉ ሁለቱን ያጠፋሉ፤ በመካከል የሚይዙት ግን ባለቀዩን ብቻ ነው። ቻናል 4ን ሲጫኑ 4-1 የሚል ቢመጣ አይደንግጡ፤ ጣቢያው አሁን ከአንድ በላይ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ነው፤ የቻናል መጨመሪያውን አንድ ጊዜ ቢጫኑ 4-2 ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ ከልጅዎ ጋር ቀጠሮ ይያዙበት። ዓርብ ጁን 12፣ በእኛ ሰኔ 5፣ ሳጥኑ እንደገና ስካን መደረግ አለበት። የሚሠራው ከሪሞቱ የምርጫ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ስለሆነና ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ እርስዎ ብቻዎን እንዲታገሉበት አልፈልግም። ልጅዎ ያን ዕለት ማታ መምጣት ካልቻሉ ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። አንዳንድ ጣቢያዎች ከዚያ ቀን በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ በአሮጌው አናሎግ ማስታወቂያ ብቻ እየደጋገሙ እንዲያሳዩ ስለተፈቀደላቸው፣ ሳጥን በሌለው የጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ምስል ቢያዩ ቀኑ አላለፈም ብለው እንዳይታለሉ።